የአያቴን ወንድም ፊት ለመለሰችልን ልጅ

ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ አካባቢ ፎቶ ቤት ላላት እህታችን ምስጋናዬ ይድረሳት። እስካሁን ሳልጽፍ በመቆየቴ ይቅርታ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአያቴ ታላቅ ወንድም የክብር ዘበኛ ወታደር ነበር። ሚያዝያ 1943 ዓ.ም ከመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ጋር ኮሪያ ዘመተ። በባቡር እስከ ጅቡቲ፣ ከዚያ በመርከብ ፑሳን። ከመሄዱ በፊት አዲስ አበባ ፎቶ ተነሳና በአገር ሰው እጅ መንዝ ለእናቱ ላከላት። ጀርባው ላይ በእርሳስ «እናቴ፣ እስክመለስ ይህን እያየሽ ቆዪኝ» ይላል። እናቱ ፊደል አልቆጠረችም፤ የነፍስ አባቷ ናቸው ያነበቡላት።

አልተመለሰም። ኮሪያ ላይ ከወደቁት ከ120 በላይ ኢትዮጵያውያን አንዱ ነው። ፎቶውን አያቴ ከዳዊቷ ጋር ማኅደር ውስጥ አኖረችው። ለሁለት ታጥፎ ስለኖረ ግን መሃል ለመሃል ተሰነጠቀ፤ አንድ ጉንጩም ተላጠ።

ለማሳደስ ያላየሁት መከራ የለም። አንዱ ቤት ሦስት ሳምንት አመላልሶኝ «የት እንዳስቀመጥነው ጠፋብን» አለኝ። ዋናውን እኮ ነው! እያለቀስኩ ራሴ መሳቢያቸውን በርብሬ፣ ከጉርድ ፎቶ ክምር ሥር አገኘሁት። ሌላው ደግሞ በኮምፒውተር ነካክቶ ፊቱን ልሙጥ፣ ከንፈሩን ቀይ አድርጎ ሰጠኝ። አያቴ አይታ «ይሄ ማነው?» አለች። ሰውየው ግን ብሩን ተቀብሎ «እንዲያውም አሳምሬዋለሁ» ነው ያለኝ። እስካሁን ያቃጥለኛል።

ይቺ ልጅ ፎቶውን ስታይ መጀመሪያ እጇን ታጥባ መጣች። ከዚያ «አያትሽ በሕይወት አሉ?» አለችኝ። አዎ ስላት «እሳቸው አጠገቤ ካልተቀመጡ ፊቱን አልነካም» አለች።

አያቴን ከመንዝ፣ ከመሃል ሜዳ አመጣኋት። የደብረ ብርሃንን ብርድ ታውቁታላችሁ። ልጅቷ የራሷን ጋቢ ደረበችላት፣ ሻይ አስመጣችላት። ግማሽ ቀን አብረው ዋሉ።

«ቅንድባቸው እንዲህ ነበር እማማ?»

«ትንሽ ወፈር ይበል ልጄ።»

ግንባሩ ላይ አንዲት ቀጭን መስመር አለች። የበፊቱ ሰውዬ የወረቀቱ ጭረት መስላው አጥፍቷት ነበር። ይቺ ጠየቀች። አያቴ ብድግ አለች፤ «እሷንማ እንዳትነኪ! በሬ ወግቶት ነው፤ እኔን ሊያስጥል ገብቶ።» ይህን ታሪክ በሕይወቴ ሰምቼው አላውቅም ነበር።

እንዴት እንደሠራችው አትጠይቁኝ፣ አልገባኝም። ብቻ እሱ ራሱ ነው። ጠባሳው አለ። የጀርባው ጽሑፍም ለብቻው ታትሞልናል። አያቴ አንድ ቃል ሳትናገር ሦስት ጊዜ ሳመችው። ልጅቷ ዋናውን በካርቶን ደግፋ «ከእንግዲህ እንዳታጥፉት» ብላ መለሰችልን፤ የወረቀቱን ብቻ አስከፈለችኝ።

የአባት፣ የአያት፣ የዘማች ፎቶ ያላችሁ፣ እባካችሁ እሷ ጋ ውሰዱ። መልኩን የሚያውቅ ሰው በሕይወት እያለ ውሰዱ። አድራሻዋን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ወዲያው እልክላችኋለሁ። እጇ ይባረክ፣ ደጋግሜ እላለሁ፣ እጇ ይባረክ።

አያቴ መንዝ ተመልሳ የበግ ጸጉር እየፈተለች ነው። ለልጅቷ ባና ልታሠራላት።