ሳይኮአናሊሲስ ለትራንስ ሰው ያዋጣል ወይ? የኔ ሪቪው

ጥያቄው ስለበዛብኝ ባንዴ ልጻፈውና ልገላገል። ትራንስ ወንድ ነኝ (ስወለድ ሴት ተብዬ ነበር)፣ የምኖረው ኒውዮርክ ነው፣ የማወራውም ስለ ሳይኮአናሊቲክ ቴራፒ ነው፣ ያ ሶፋ ላይ ተጋድሞ የሚወራበት የፍሮይድ ነገር። የምሄደው አናሊስቶች የሚሰለጥኑበት አንድ ኢንስቲትዩት ክሊኒክ ነው፣ እንደዚህ አይነቶቹ እዚህ በርከት ይላሉ፣ የሚያዩዋችሁ ሰልጣኞች ናቸው ግን ከላያቸው ሱፐርቫይዘር አለ፣ ክፍያውም ገቢያችሁ ታይቶ ነው የሚወሰነው። በግል የሚሰራ አናሊስት ጋ ብሄድ ኖሮ የቤት ኪራዬ እዛው ያልቅ ነበር።

በጣም የወደድኩት ነገር ደብዳቤ የሚጻፍበት ቦታ አለመሆኑ ነው። ሰርጀሪ ስትፈልጉ ከባለሙያ ደብዳቤ ትጠየቃላችሁ አይደል፣ ደብልዩፓዝ የሚባለው ለትራንስ ሰዎች ህክምና መመሪያ የሚያወጣው የባለሙያዎች ማህበር መመሪያ 8ኛው እትም በ2022 ሲወጣ አንድ ይበቃል ቢልም አንዳንድ ኢንሹራንስ አሁንም ሁለት አምጡ ይላል። በፊት ደብዳቤውን የጻፈልኝ ሰውዬ ጋ ስሄድ ኤምባሲ ለቪዛ ኢንተርቪው እንደመግባት ነበር፣ መልሱን አጥንቼ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀው ነበር ብዬ፣ ሰውነቴን ከራስ ጸጉሬ እስከ እግር ጥፍሬ እንደምጠላው አድርጌ፣ ጥርጣሬ የምትመስል ቃል ከአፌ እንዳታመልጥ እየተጠነቀቅኩ። እዚህ ግን ደብዳቤው ሌላ ቦታ ስላለቀ ሁሉንም አወራለሁ። እጆቼን ሁሌም እንደምወዳቸው፣ የምወስደው የወንድ ሆርሞን፣ ቴስቶስትሮኑ፣ ድምፄን ሲያጎረንነው እናቴ ስልክ አንስታ "ማን ልበል?" ስትለኝ ደስ ብሎኝም አልቅሼም እንደነበር። ይሄንን ይዞ እንግዲያው ትራንስ አይደለህም ያለኝ ሰው የለም።

አንድ ቀን ተጋድሜ ስለ ስራ ቦታ ጭቅጭቅ እያወራሁ አናሊስቴ ከኋላዬ ሆና "ትንፋሽህ አጠር አጠር ይላል" አለችኝ። ለካ ባይንደር ከጠዋት ጀምሮ አላወለቅኩም (ደረት ጭምቅ አድርጎ የሚይዘው ጠባቡ የውስጥ ልብስ ነው)፣ በጀርባ ሲተኙ ደግሞ ይብሳል። አውልቀውም አላለችኝ፣ ስለ ጤናም አልሰበከችም፣ ዝም ብላ ምን እንደሚሰማኝ ጠየቀች፣ እኔም አፌን ስከፍት የወጣው ስለ ባይንደሩ ሳይሆን ልጅ እያለሁ እናቴ ነጠላዬን እየጎተተች "ሸፈን በይ እንጂ" ስትለኝ የነበረው ነው፤ ደረቴ ላይ የሰው አይን እንዳረፈ የገባኝ ያኔ ነዋ። ፍሮይድ ራሱ በ1923 "እኔ" የምንለው ነገር ከሁሉ በፊት የሰውነት ነው ብሎ ጽፏል፣ እኔ ግን ያን ቀን ነው የገባኝ። ከዛ በኋላ ሲያሻኝ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ ሲያሻኝ እጋደማለሁ፣ ምንም አትለኝም።

አሁን ወደ ወቀሳው። ቀስ ይላል፣ በጣም። ምክር የለም፣ ሆርሞን ልጀምር አልጀምር ብላችሁ መልስ ከፈለጋችሁ በከንቱ አትድከሙ። ዝምታው አንዳንዴ ያበሳጫል፣ ነጠላ ምን እንደሆነ ሳስረዳ 45 ደቂቃዋ ትሸራረፋለች፣ ነሐሴ አካባቢ ደግሞ አናሊስት የተባለ ሁሉ እረፍት ይወጣል ወላ ልብህ ቢሰበር አይመለሱም። ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቻለሁ።

ሌላው ትልቁ ነገር ሰው መምረጥ ነው፣ ምክንያቱም የዚህ ሙያ ታሪክ በእኛ ላይ ንጹህ አይደለም። ፈረንሳዊቷ ካትሪን ሚዮ በ1983 ትራንስ መሆንን ከሳይኮሲስ (ከእውነታ ጋር ከሚያለያይ ከባድ የአእምሮ ህመም) ጋር አያይዛ መጽሐፍ አውጥታለች፣ ፊላደልፊያ የምትሰራው ፓትሪሻ ጌሮቪቺ ደግሞ እሷም እንደ ሚዮ የፈረንሳዊው አናሊስት የላካን ተከታይ ሆና ትራንስ መሆን በራሱ በሽታ አይደለም ብላ ስትከራከር ዓመታት አልፈዋል፣ የአሜሪካ ሳይኮአናሊቲክ ማህበር ለኤልጂቢቲ ሰዎች ይቅርታ የጠየቀው ራሱ ገና በ2019 ነው። ስለዚህ ያው አንድ ስም ይዘው ሁለት ተቃራኒ ነገር የሚያምኑ ሰዎች ናቸው። በቪዲዮ ለማድረግ ያሰባችሁ ደግሞ ቴራፒስቱ እናንተ ባላችሁበት ስቴት ላይሰንስ እንዳለው አጣሩ፣ ከኒውዮርክ ሆኖ ቴክሳስ ያለ ሰው ማየት ዝም ብሎ አይቻልም። መጀመሪያ ስትደውሉም ሳታፍሩ ጠይቁ፣ ሆርሞን የሚወስድ ሰው አይተህ ታውቃለህ፣ የኔ ትራንስ መሆን መዳን ያለበት ነገር ነው ብለህ ታስባለህ ወይ በሉት። "ለምን እንደጠየቅከኝ ይገርመኛል" ብቻ ብሎ ዝም ካለ ስልኩን ዝጉና ቀጣዩ ጋ ደውሉ።