ለፎቶ ኮፒ ቤት ኮምፒውተር የተዘጋጀ ኬርነል፦ የኮምቦልቻ አንድ ጥገና ቤት አገልግሎት ሲገመገም

በኮምቦልቻ የሚገኝ አንድ የኮምፒውተር ጥገና ቤት ያረጁ ማሽኖችን ፎርማት አድርጎ ሊኑክስ የተባለውን ሥርዓተ ክወና ከመጫን አልፎ፣ ደንበኛው ከፈለገ ኬርነሉን ራሱን፣ ማለትም የሥርዓተ ክወናውን እምብርት፣ ለማሽኑ በሚስማማ መንገድ አዋቅሮና ኮምፓይል አድርጎ (ከምንጭ ኮዱ ወደሚሠራ ፕሮግራም ቀይሮ) ያስረክባል። አገልግሎቱን የወሰድኩት ለጽሕፈትና ለፎቶ ኮፒ ሥራ ለምንጠቀምበት፣ ኮር ቱ ዱዎ የተባለ አሮጌ ፕሮሰሰር ላለው ኮምፒውተር ነው። መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ማሽኑ እስኪነሣ ድረስ ደንበኛ ቆሞ ስለሚጠብቅ፣ የማያስፈልጉ ድራይቨሮች (መሣሪያዎችን የሚያናግሩ ክፍሎች) ተቀንሰውለት ቶሎ የሚነሣ ኬርነል ማግኘት ዋናው ፍላጎታችን ነበር። ግምገማዬ በዩኤስቢ ክፍሉ ላይ ያተኩራል፤ በእንዲህ ያለ ቤት ገቢው የሚገባው በዩኤስቢ ቀዳዳ በኩል ነውና።

ባለሙያው ሥራውን የጀመረው የዩኤስቢ ቀዳዳዎቹን ከሚያንቀሳቅሱት መቆጣጠሪያዎች ሲሆን፣ አጀማመሩም ትክክል ነበር። በማዋቀሪያው ሜኑ ውስጥ የሚገኘው የዩኤስቢ ድጋፍ ክፍል ለዩኤስቢ 1.1 ዩኤችሲአይንና ኦኤችሲአይን፣ ለዩኤስቢ 2.0 ኢኤችሲአይን፣ ለዩኤስቢ 3.0 ደግሞ ኤክስኤችሲአይን ያቀርባል። ብዙ ሰው ማሽኑ ዩኤስቢ 2.0 መሆኑን ካወቀ በኋላ ኢኤችሲአይን ብቻ መርጦ ያልፋል። ይሁንና በዚያ ዘመን በተሠሩ የኢንቴል ቦርዶች ላይ ኢኤችሲአይ የሚያስተናግደው በሰከንድ 480 ሜጋቢት የሚሠሩትን መሣሪያዎች ነው፤ በ1.5 ሜጋቢት የሚሠሩት ኪቦርድና ማውስ እዚያው ቀዳዳ ላይ ቢሰኩም ተላልፈው የሚሰጡት ለአጋሩ ለዩኤችሲአይ ነው። ዩኤችሲአይ ከተዘለለ ኪቦርዱ ማሽኑ ሲበራ መጀመሪያ በሚሠራው በባዮስና ኬርነሉን በሚያስነሣው በግራብ ሜኑ ላይ እንደ ወትሮው ይሠራል፤ ኬርነሉ መቆጣጠሪያውን ከባዮስ እንደተረከበ ግን ጭጭ ይላል። ባለሙያው ሁለቱንም መረጠና ከኪቦርዱ የኤችአይዲ ድራይቨር ጋር፣ ሞጁል (በዲስክ ላይ ተቀምጦ ሲያስፈልግ የሚጫን ክፍል) ሳያደርግ፣ ኬርነሉ ውስጥ አካተታቸው። ኤክስኤችሲአይን ምናልባት ወደፊት የዩኤስቢ 3.0 ካርድ ቢጨመር ብሎ በሞጁልነት ተወው። ኪቦርዱ ለምን ሞጁል እንዳልሆነ ስጠይቀው፣ «ጋሼ፣ ዲስኩ አልነሣም ሲል ትእዛዝ የሚጽፉበት ኪቦርድ ከሌለ ምን ይሆናሉ?» አለኝ።

ፕሪንተሩና ስካነሩ አላስቸገሩም። የፕሪንተሩ ድራይቨር በሞጁልነት ተይዟል፤ ካፕስ የተባለው የኅትመት ፕሮግራም አብዛኛውን ጊዜ ፕሪንተሩን ይህን ድራይቨር በማይጠቀመው በሊብዩኤስቢ በኩል ስለሚያናግር፣ ድራይቨሩ ባይኖርም ኅትመት አይቆምም ነበር።

ሰፊው ጉዳይ የፍላሽ ነው። የዩኤስቢ ማከማቻ ድራይቨር ስካዚ በተባለው የኬርነሉ የዲስክ አያያዝ ክፍል ላይ የቆመ በመሆኑ፣ የስካዚ ዲስክ ድጋፍ ካልተመረጠ ፍላሹ በተሰኩት መሣሪያዎች ዝርዝር ውስጥ እየታየ እንደ ዲስክ ግን አይከፈትም፤ ሜኑው ራሱ ይህን በአንድ መስመር ያስጠነቅቃል። የሳታ ዲስክ ባለው ማሽን ላይ ይኸው ድጋፍ ለዲስኩም ስለሚያስፈልግ ቀድሞ ተመርጦ ይገኛል። ብዙ አዋቃሪዎች የሚዘነጉት የፋይል ሲስተሙን (ፋይሎች በማከማቻው ላይ የሚደራጁበትን ሥርዓት) ክፍል ነው፤ በዩኤስቢ ሜኑ ውስጥ ስለማይገኝ የዩኤስቢ ጉዳይ አይመስልም። ከ32 ጊጋባይት በላይ የሆኑ ሚሞሪ ካርዶች ኤክስፋት በተባለው የፋይል ሲስተም ተዘጋጅተው ስለሚመጡ፣ በ2020 እ.ኤ.አ. ከወጣው ኬርነል 5.7 ጀምሮ የተካተተው አዲሱ የኤክስፋት ድራይቨር መመረጥ አለበት፤ ተመርጧልም። ቪፋት በተባለው ሌላ የፋይል ሲስተም ላይ ደግሞ የፋይል ስሞች ነባሪ ፊደል ዩቲኤፍ-8 (የግዕዝንም ፊደል የሚይዝ የፊደል ኮድ) እንዲሆን የሚያደርግ ምርጫ አለ። ዴስክቶፑ ፍላሹን ራሱ ሲከፍት ይህን በራሱ ስለሚያስተካክል ጉድለቱ አይታወቅም። እኛ ግን ፍላሽ ሲሰካ ማውንት የሚያደርግ (ፋይሎቹን ለአገልግሎት የሚከፍት) አነስተኛ ስክሪፕት ስለምንጠቀም፣ ምርጫው ባይነካ ኖሮ በግዕዝ ፊደል የተሰየመው ሁሉ በጥያቄ ምልክት ይሰለፍ ነበር። የመመረቂያ ጽሑፋቸውን «የመጨረሻ»፣ «የታረመ የመጨረሻ»፣ «የእውነት የመጨረሻ» እያሉ የሚያስቀምጡ ተማሪዎችን ለሚያስተናግድ ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ስሙ በትክክል እየተነበበም የትኛው እንደሚታተም ማወቅ በቂ ፈተና ነው። ባለሙያው ሳይነገረው ይህን ማሰቡ ለሙያው ያለኝን አክብሮት ጨምሮታል።

ጉድለቱ የታየው ቆይቶ ነው። ቤቱ ሥራውን ለማፋጠን ሎካልሞድኮንፊግ የተባለውን መንገድ ተጠቅሟል፤ ይህም በዚያች ሰዓት የተጫኑትን ሞጁሎች ዝርዝር አንብቦ ሌላውን ሁሉ ከውቅረቱ የሚያስወጣ ዘዴ ነው። ጊዜ ይቆጥባል፣ ኬርነሉንም በእጅጉ ያሳንሳል፤ ነገር ግን በዚያን ሰዓት ያልተሰካ መሣሪያ እንደሌለ ይቆጠራል። ፍላሽ፣ ፕሪንተርና ካርድ አንባቢ ተሰክተው ነበር፤ ኢንተርኔት በኬብል የሚያጋራ ስልክ ግን አልነበረም። የኢንተርኔት መስመሩ በተቋረጠ ጊዜ ስልኩን በኬብል ስናገናኝ ስሙ በዝርዝሩ ውስጥ ታየ፤ የኔትወርክ መስመር ግን አልተፈጠረም። ከስልክ ፎቶ መገልበጡ ያለ ችግር መቀጠሉ ነገሩን አደናጋሪ አድርጎት ነበር፤ ፎቶ የሚገለበጥበት ኤምቲፒ ከኬርነሉ ውጭ በተራ ፕሮግራም የሚሠራ ሲሆን፣ ኢንተርኔት ማጋራቱ ግን በኔትወርክ መሣሪያዎች ሥር የሚገኘውን የአርኤንዲአይኤስ ድራይቨር ይፈልጋል። ደንበኛው ምን ምን እንደሚሰካ በቃል ጠይቆ መመዝገብ ከማንኛውም አቋራጭ በፊት መምጣት ነበረበት።

ቤቱ ስሕተቱን ያለ ተጨማሪ ክፍያ አርሟል፤ አስተራረሙም ያስመሰግነዋል። አዲስ መሣሪያ ሲሰካ መለያ ቁጥሩን በኬርነሉ መዝገብ ላይ የሚጽፈው ምርጫ አስቀድሞ በርቶ ስለነበር፣ ቁጥሩን በስልክ አንብቤለት ማሽኑን ሳልሸከም ምን እንደጎደለ ዐወቀ። የቀድሞው ኬርነል ከግራብ ሜኑ አለመጥፋቱም እስከዚያው ሥራችን እንዳይቆም ረድቶናል።

ክፍያው ከተራ ፎርማት ከፍ ያለ ነው። አዲስ ማሽንና በቂ ሚሞሪ ላለው ሰው አገልግሎቱን አልመክርም፤ ከስርጭቱ (ተዘጋጅቶ ከሚጫነው የሊኑክስ ጥቅል) ጋር የሚመጣው ኬርነል እነዚህን ድራይቨሮች በሙሉ ማለት ይቻላል በሞጁልነት ይዟቸዋል። አሮጌ ማሽን ለያዘና ለሚጣደፍ ቤት ግን ልዩነቱ ይታያል፤ የእኛው አሁን መብራት ሲመለስ ደንበኛን ብዙ አያስጠብቅም። ቅር የሚያሰኘኝ የዝማኔው ጉዳይ ነው፦ በእጅ የተሠራ ኬርነል ከስርጭቱ ጋር አብሮ ስለማይታደስ፣ የደኅንነት ማስተካከያ በወጣ ቁጥር እንደገና ኮምፓይል መደረግ አለበት፤ ቤቱም ለዚህ የሚያስከፍለውን አስቀድሞ አልነገረንም። ወደዚያ የሚሄድ ደንበኛ የዝማኔውን ዋጋ ከመጀመሪያው ይስማማ፤ የውቅረቱንም ፋይል በፍላሽ ይቀበል። ፋይሉ በእጁ ካለ፣ ሌላ ባለሙያ በኦልድኮንፊግ ትእዛዝ በአዲስ የተጨመሩትን ምርጫዎች ብቻ እየመለሰ ሥራውን ሊቀጥልለት ይችላል።