የታመመ ኦቶማቲክ ካምቢዮ፦ ማሳደስ ወይስ ያገለገለ መግጠም?

ማታ 12 ሰዓት ተኩል ነው። ከአዲሱ ገበያ ወደ ሱሉልታ የሚወስደውን ዳገት ይዣለሁ። ነዳጅ እረግጣለሁ፣ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናዋ ግን ንቅንቅ የለም። ከኋላዬ ሲኖትራክ ጥሩንባውን ያምባርቃል። የቪትዜ ካምቢዮ እንዳለቀለት የገባኝ ያን ማታ ነው።

ከዚያ በኋላ ያማከርኩት ሰው ሁሉ ሁለት ጎራ ሆነ። ግማሹ «አስወርደህ አሳድሰው» አለኝ። ግማሹ «መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ሂድና ያገለገለ ገዝተህ ግጠም» አለኝ። አንዱን በራሴ መኪና፣ ሌላውን በጎረቤቴ መኪና አይቻለሁ።

ግን ሁለቱም ላያስፈልጓችሁ ይችላሉ። ካምቢዮው የዘይት መለኪያ ዘንግ ካለው፣ መኪናው ሲሞቅ ሜዳ ላይ አቁሙት። ሞተሩን ሳታጠፉ ዘንጉን አውጡና በነጭ ሶፍት ጥረጉት። ቀይና ጥርት ያለ ከሆነ ደግ ነው። ጠቁሮ እርር ያለ ነገር ከሸተተ፣ ውስጥ ያሉት ዲስኮች እየተበሉ ነው። ወተት የገባበት የእንጆሪ ጭማቂ ከመሰለ ደግሞ የራዲያተር ውሃ ተቀላቅሎበታል። በብዙ መኪኖች የካምቢዮው ዘይት የሚቀዘቅዘው ራዲያተሩ ውስጥ ስለሆነ፣ እዚያ ሲበሳ ሁለቱ ይገናኛሉ። ራዲያተሩን ሳትቀይሩ ሌላ ካምቢዮ ብትገጥሙ እሱንም ታጡታላችሁ።

ዘይት ስለጎደለው ወይም አንዲት ሶሌኖይድ (የዘይቱን መንገድ በኤሌክትሪክ የምትከፍትና የምትዘጋ ቫልቭ) ስለተበላሸች ብቻ የሚመታ ካምቢዮም አለ። በቆዩት ቶዮታዎች ላይ «ኦ/ዲ ኦፍ» (O/D OFF) የሚለው መብራት ብልጭ ድርግም ካለ ኮምፒውተሩ ጥፋት መዝግቧል። በማሽን አስነብቡት። ሳያስነብብ «ይውረድ» ለሚል መካኒክ ቁልፍ አትስጡ።

ማሳደስ ጥሩነቱ ታሪኩን የምታውቁት የራሳችሁ ካምቢዮ መሆኑ ነው። ይፈታል፣ ዲስኮቹና ጎሚኒዎቹ ይቀየራሉ፣ ይገጠማል። ችግሩ ሁሉም ነገር በመካኒኩ እጅ ላይ መውደቁ ነው። እኔ መጀመሪያ የሄድኩበት ጋራዥ ዲስክ ቀየረልኝ። የሞተሩን ጉልበት በዘይት ወደ ካምቢዮው የሚያስተላልፈውን ቶርክ ኮንቨርተር ግን አልነካውም፣ ወደ ራዲያተር የሚሄደውንም ቱቦ አላጠበውም። እዚያ ተደብቆ የቀረው የብረት ብናኝ ከአዲሱ ዘይት ጋር ዞሮ ተመለሰ። በሦስተኛው ወር ያው ዳገት፣ ያው ጩኸት። ሁለተኛው መካኒክ ገና ሲከፍተው ጣቱን ዘይቱ ውስጥ ነክሮ አሳየኝ፤ እንደ ብር ቀለም ያብለጨልጫል። «ጋሼ፣ ቤቱን ጠርገው ቆሻሻውን በር ጥግ ነው የተዉት» አለኝ። ስለዚህ ከመስማማታችሁ በፊት ስለኮንቨርተሩና ስለቱቦው ጠይቁ፤ አሮጌዎቹን ዕቃዎችም ተረከቡ።

ያገለገለው በፍጥነት ይበልጣል። ዕቃው በእጅ ካለ በቀናት ውስጥ መንገድ ላይ ናችሁ። ግን የማታውቁትን ሰው መኪና በሽታ ገዝታችሁ ሊሆን ይችላል። ከተቻለ የካምቢዮውን የታችኛውን የዘይት ሳህን አስከፍቱ። ብናኝ እንዲይዝ ሳህኑ ውስጥ የተቀመጠው ማግኔት ላይ ያለው ስስ ግራጫ ጭቃ የተለመደ ነው፤ በጥፍር የሚያዝ የብረት ስባሪ ካለ ግን ጥላችሁ ሂዱ። የካምቢዮውንም ኮድ ከራሳችሁ ጋር አመሳክሩ። በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣው የመጀመሪያው ቪትዝ ኦቶማቲኩ በአብዛኛው ባለ አራት ማርሽ ነው። ከ2005 እ.ኤ.አ. ወዲህ በመጣው ላይ ግን በማርሽ ፈንታ በብረት ቀበቶ የሚሠራው ሲቪቲ በብዛት አለ። ዘይታቸው እንኳን አይገናኝም፤ ሲቪቲ ላይ የተራ ኦቶማቲክ ዘይት መጨመር መግደል ነው። ስንት ቀን ነድታችሁ መመለስ እንደምትችሉም ደረሰኙ ላይ ይጻፍ። የቃል ዋስትና ከመርካቶ አይወጣም።

እኔ ብሆን፣ ባለ አራት ማርሹን አሳድሳለሁ። ሲቪቲ ከሆነ ያገለገለ እፈልጋለሁ፤ ቀበቶውና የሚዞርበት ፑሊ አንዴ ከተጫሩ በእኛ ሰፈር ደፍሮ የሚነካው መካኒክ ጥቂት ነው። ጎረቤቴ ይህን አድርጎ እስካሁን እየነዳ ነው።

እንዳለ መሸጥስ? ደላላው ግማሽ ዋጋ ይጠራና ይገላግላችኋል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ማስገባት ስለታገደ፣ ሸጦ ሌላ መግዛትም እንደድሮው ቀላል አይደለም።

እናንተ ገዢ ከሆናችሁ ጠዋት፣ ሻጩ ሞተር ሳያስነሳ ድረሱ። ኮፈኑን በእጃችሁ ዳስሱ፤ ሞቆ ከጠበቃችሁ ጠርጥሩ። ከፒ ወደ ዲ፣ ከዚያ ወደ አር አስገቡ። እስኪይዝ ሁለት ሰከንድ ካለፈው ወይም ሲይዝ ከመታ ተዉት። ከዚያ ግማሽ ሰዓት ንዱና ዳገት ላይ ሞክሩት፤ አንዳንዱ በሽታ የሚወጣው ሲሞቅ ነው።

አንድ ነገር ረስቼ ነበር። ያን ማታ አንድ አይሱዙ በገመድ ጎትቶ ቤቴ አደረሰኝ። ቪትዝ የሚነዳው በፊት ጎማ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ የፊት ጎማዎቹ ሲሽከረከሩ ዘይት የሚገፋው ፓምፕ አይሠራም፤ ካምቢዮው በደረቁ ይፈጫል። ፊቷ ተነስቶ ወይም ተጭና መሄድ ነበረባት። የተረፈውን የጨረስኩት እኔ ሳልሆን አልቀርም።