ተኝታ ኮርኒሱን ያየችልን ዲዛይነር

ሰላም ጤና ይስጥልን። ይህ ምስጋናም ጥቆማም ነው። ክሊኒክ፣ መዋለ ሕፃናት፣ ቢሮ ወይም ለደከመ ወላጅ የሚሆን ክፍል ልታሠሩ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ቢረዝምባችሁም ታግሳችሁ አንብቡት። አራት ኪሎ አካባቢ አንድ ሕንፃ ግራውንድ ላይ ያለው የፊዚዮቴራፒ ክፍላችን ዕድሳት አልቋል። የሠራችልን እህት እጇ ይባረክ!

ተገልጋዮቻችን አብዛኞቹ ዕድሜያቸው የገፋ ነው፤ ስትሮክ አንድ ጎናቸውን የያዘባቸው፣ ጉልበትና ወገብ ያስቸገራቸው፣ ዓይናቸው የደከመ። ከእሷ በፊት «ኢንቴሪየር እንሠራለን» ያሉ ሁለት ወገኖች ገብተውበት ነበር። ስማቸው ይቆየን። አንደኛው የሆቴል ሎቢ ፎቶ ከስልኩ አሳይቶ ቅድመ ክፍያውን ተቀበለና ያንኑ ሎቢ ገለበጠው፦ መስታወት የሚያስንቅ ነጭ ፖርስሊን ዙሪያውን በጥቁር ጠርዝ፣ ባለ ሦስት ደረጃ ጂፕሰም ኮርኒስ በሰማያዊ ስትሪፕ ላይት፣ ከታች እስከ ላይ የሚያብለጨልጭ ሲንቴቲክ ቀለም። ሲያስረክብ ሁሉም አጨበጨበ። በሳምንቱ ጣጣው መጣ።

ጥልቀት መለየት ያቃተው ዓይን ጥቁሩን ጠርዝ ጉድጓድ ያደርገዋል። ሰውዬው ወይ ባለበት ይቆማል፣ ወይ ሊሻገረው እግሩን ከልክ በላይ ያነሳል፤ አንድ እግር ብቻ ለሚታዘዘው ሰው ሁለቱም መውደቂያ ናቸው። የመስኮቱ ብርሃን ፖርስሊኑ ላይ ሲያርፍ ደግሞ ውሃ የፈሰሰ ይመስላል። ክረምት ሲገባ እውነትም ውሃ ፈሰሰበት፤ ያኔ ደረቁን ከእርጥቡ ማን ይለየው? በር ላይ ያሉት ሁለት ደረጃዎች ተደምረው 30 ሳንቲ ሜትር ናቸው። ለዚያ የተሠራው ራምፕ ርዝመቱ አንድ ሜትር ተኩል ነበር፤ በዊልቸር ለሚመጣ ሰው ዳገት ማለት ነው። የታወቀው ልክ ለአንድ እጅ ከፍታ አሥራ ሁለት እጅ ርዝመት ነው፤ ለ30 ሳንቲ 3 ሜትር ከ60 ይወጣል። ለሕዝብ አገልግሎት የሚሰጥ ሕንፃ ለአካል ጉዳተኛ መግቢያ ይኑረው የሚለው እኮ በ2001 ዓ.ም በወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ላይም ሰፍሯል፤ አዲስ ነገር አልነበረም።

ሁለተኛው «ድምፁን ላስተካክል» ብሎ መጣ። የመንገዱን የታክሲ ጥሪና የጎረቤቱን ጄኔሬተር ሊያስቀር ግድግዳው ላይ ስፖንጅ ለጠፈበት። ስፖንጅ ከውጭ የሚመጣ ድምፅ አይከለክልም። የሚከለክለው ክብደት ያለው ነገርና የተደፈነ ክፍተት ነው፤ ድምፁ የሚገባው በተንሸራታቹ አሉሚኒየም መስኮት ጠርዝና በበሩ ሥር ነበር። ከዚያ በላይ ደግሞ ያ ስፖንጅ እሳት ቢነካው በደቂቃ ተቀጣጥሎ መርዛም ጭስ የሚተፋ ነው። ከፍለን አደጋ ገዛን።

ሦስተኛዋ እሷ ናት። በመጀመሪያው ቀን ላፕቶፕ አልከፈተች፣ የቀለም ካታሎግ አላወጣች። አንሶላ ጠየቀች። አራቱም የሕክምና አልጋዎች ላይ ተራ በተራ በጀርባዋ ተኛች፣ በእያንዳንዱ ላይ አምስት ደቂቃ ያህል ዝም ብላ ኮርኒሱን አየች። ተነስታ ዓይኗን ጨፈነችና ግራ እጇን ግድግዳው ላይ እያስኬደች ከበሩ እስከ ሽንት ቤቱ ሄደች። ሽንት ቤት ገብታ በሩን ዘጋች፤ ቀኝ እጇን ከኋላዋ አድርጋ በግራ እጇ ብቻ ከመቀመጫው ለመነሳት ሞከረች። አልቻለችም። ወጥታ ያለችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «እዚህ ቤት ሰው ተኝቶ ምን እንደሚያይ ማንም አላሰበም።»

ሙያውን ለሚያውቅ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ፊንላንዳዊው አርክቴክት አልቫር አልቶ በ1930ዎቹ መጀመሪያ ፓይሚዮ በምትባል የፊንላንድ ከተማ የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን ሆስፒታል ሲሠራ የተነሳው ከተኛው ሰው ነበር። የኮርኒሱን ቀለም ጠቆር ያለ አረንጓዴ አደረገው፣ መብራቱን ከበሽተኛው ዓይን አራቀው፣ የእጅ መታጠቢያውን ሳይቀር ውሃው ድምፅ ሳያሰማ እንዲወርድ አድርጎ ቀረጸው፤ በክፍሉ ያለው ሌላው ታማሚ እንዳይረበሽ። እዚህ አራት ኪሎ ያንን ዓይነት ጭንቅላት ማግኘት መታደል ነው።

ሰማያዊው መብራት በማግሥቱ ተነቀለ። አሁን መብራቶቹ ግድግዳው ላይ ሆነው ወደ ላይ ያበራሉ፤ ለተኛው ሰው የሚደርሰው ከኮርኒሱ የነጠረው ብቻ ነው። ለዚህም ሲባል ኮርኒሱ እንደ ፓይሚዮ አልጠቆረም፤ ጥቁር ኮርኒስ ብርሃኑን ይውጠዋል። ፈዘዝ ያለ፣ የማያብለጨልጭ አረንጓዴ ነው። የሕክምናው ቦታ ወደ 500 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው)፣ ማረፊያው ወደ 200። ያረጀ ዓይን ከወጣት ዓይን ሁለት ሦስት እጥፍ ብርሃን ይፈልጋል፤ ግን አምፖሉን ራሱን ፊት ለፊት ካየው ያጥበረብረዋል። ዘዴው ብዙ ብርሃን አምጥቶ ምንጩን መደበቅ ነው። አምፖሎቹ ቀለም በትክክል የማሳየት መለኪያቸው ከ90 በላይ ነው፤ የቆዳ መቅላትና መገርጣት በርካሽ አምፖል ሥር አይታይም።

አምፖል ልትገዙ ስትሄዱ ይህን ከእሷ ተማሩ። የእኛ አገር መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ውስጡ ያለው ዕቃ ርካሽ የሆነ ኤልኢዲ በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል። ዓይን አያየውም፤ ራስ ምታት ግን ሊያመጣ ይችላል። ሱቁ ውስጥ አስበሩትና የስልካችሁን ካሜራ በዝግታ ቀረጻ አድርጋችሁ አነጣጥሩበት። ጥቋቁር መስመሮች ከተንሸራሸሩ መልሱት።

የድምፁን ሥራ ሳልዘረዝር ባልፍ ነውር ነው። ክፍሉ 8 በ6 ነው፣ ከፍታው 3፤ 144 ሜትር ኩብ። አንድ ጊዜ አጨበጨበችና ድምፁ እስኪጠፋ በስልክ ቀዳችው፤ ሁለት ሰከንድ ያህል። ጆሮው ለደከመ ሰው በእንዲህ ያለ ክፍል ውስጥ ቃላት እርስ በርስ ይዋዋጣሉ። ባለሙያው ይጮኻል፣ ጩኸቱ ይነጥራል፣ ታካሚው ይደነግጣል፣ ጡንቻው ይገተራል። የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲው የፊዚክስ ሊቅ ዋላስ ሳቢን ከመቶ ዓመት በላይ አስቀድሞ የመቀመጫ ትራስ እያስገባና እያስወጣ ባገኛት ቀመር ሒሳቡን ወረቀት ላይ ሠራችው፦ የክፍሉን ይዘት በ0.161 ታባዙና፣ ድምፅ በሚውጠው ስፋት ታካፍላላችሁ፤ የሚወጣው ድምፁ ለመጥፋት የሚፈጅበት ሰከንድ ነው። ወደ 0.8 ሰከንድ ለማውረድ ተጨማሪ 17 ካሬ ተኩል ያህል የሚውጥ ነገር ያስፈልጋል። ፓነል የነካውን ድምፅ ሁሉ ስለማይውጥ፣ 60 በ120 ሳንቲ የሆነ ፓነል ከሆነ 27 ይበቃ ነበር፤ ለማመጣጠን 28 ተሠራ።

ፓነሎቹን እዚሁ አሠራቻቸው። የጣውላ ፍሬም፣ ጥልቀቱ 5 ሳንቲ፣ ውስጡ የታጠበ የበግ ጠጉር፣ ፊቱ ሽሮ ሜዳ የተሸመነ የጥጥ ጨርቅ። ጨርቁን የመረጠችበት መንገድ ቀላል ነው፤ አፏ ላይ ጥብቅ አድርጋ ትነፋዋለች፣ ትንፋሽ ካለፈ ድምፅም ያልፋል። ካላለፈ የቱንም ያህል ቢያምር ትመልሰዋለች። ጠጉሩ ስቡ እስኪለቅ ካልታጠበ በክረምት በግ በግ ይሸታል፣ ብልም ይበላዋል፤ ስለዚህ ሦስት ጊዜ ታጥቦ በፀሐይ ደረቀ። ፓነሉ ከግድግዳው 5 ሳንቲ ርቆ ተሰቀለ፤ ክፍተቱ ራሱ ይሠራል፣ ወፍራሙን ድምፅ ይዞ ያስቀራል። አንድ ግድግዳ ላይ አልተከመሩም፤ ፊት ለፊት የሚተያዩ ባዶ ግድግዳዎች ካሉ ድምፁ በመሃላቸው እንደ ኳስ ይላተማል። ለውጭው ድምፅ ደግሞ የመስኮቱ ጠርዝ በጎማ ተደፈነ፣ በሩ ሥር መዝጊያ ገባ። አሁን በሹክሹክታ «ጉልበትዎን ትንሽ አጠፍ ያድርጉልኝ እማማ» ብለን እንሰማማለን።

የእጅ መደገፊያው ግን ለብቻው ይመስገን። የበፊቱ የብረት ቱቦላሬ ነበር። በዚህ ከ2,300 ሜትር በላይ ባለ ከተማ፣ በኅዳር ጠዋት ብረት የነካ አረጋዊ እጁን ወዲያው ይመልሳል፤ መደገፊያ ካልተያዘ ደግሞ ጌጥ ነው። አሁን ዋንዛ ነው፤ ክብ፣ ውፍረቱ 4 ሳንቲ፣ ከወለሉ 90፣ ከግድግዳው 5። ጫፉ ልብስና ቦርሳ እንዳይዝ ወደ ግድግዳው ተመልሷል። ሽንት ቤቱ በር ጋ ሊደርስ 30 ሳንቲ ሲቀረው ከሥሩ በኩል ሦስት ቀጫጭን ጭረቶች አሉት። በሦስተኛው ቀን አንዲት ዓይናቸው የማያይ እናት ጣታቸው ጭረቱ ላይ ሲደርስ ቆም አሉና «ደረስኩ እንዴ?» አሉ። ማንም ምንም አልነገራቸውም ነበር። እግዜር ይስጣት!

ሽንት ቤቱ ውስጥ ያሉት መያዣዎች በሁለቱም ጎን ናቸው፤ ስትሮክ ግራ ወይም ቀኝ አይመርጥማ። ግድግዳችሁ ብሎኬት ከሆነ አደራ፣ መያዣ በተራ ፊሸር አታሳስሩ። ብሎኬት ውስጡ ባዶ ነው፤ ሙሉ ክብደቱን የጣለ ሰው ከነፊሸሩ ነቅሎት ይወድቃል። እሷ ግድግዳውን አሳልፋ በቡሎን አሠረችው፣ ከጀርባው 10 በ10 ላሜራ አስገብታ። የመቀመጫው ክዳን ጥቁር ሰማያዊ ነው፤ ነጭ በነጭ ላይ ለደከመ ዓይን አይታይም። በዚያው ምክንያት ዞኮሎውም (የግድግዳው ግርጌ ጠርዝ) ጠቆር ብሎ ግድግዳውን ከወለሉ ይለየዋል፤ ወለሉ ራሱ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ቀለም፣ የማያብረቀርቅ ቪኒል ሆነ። ፖርስሊኑን ማፍረስ አላስፈለገም፤ በላዩ ተደልድሎ ተለጠፈ።

መስኮታችን ወደ ደቡብ ነው። አዲስ አበባ ላይ በታኅሣሥ የቀትር ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፤ ላይኛው ጠርዙ 2 ሜትር ከ10 የሆነ መስኮት እስከ 1 ሜትር ከ35 ገደማ ፀሐይ ያስገባል። አልጋዎቹን ከዚያ መስመር አወጣች፣ የማረፊያ አግዳሚውን እዚያው አደረገች። ጨርሰው የሚወጡት አባቶች ጋቢያቸውን ገልጠው እየሞቁ ይቀመጣሉ። በግንቦትና በሰኔ ፀሐይ ወደ ሰሜን ስለምትዞር መጋረጃውም አያስፈልግም።

ስለ ሽታ ብዙ አልልም። የሚያውደው ነገር ከመምጣቱ በፊት የሚሸተው ይውጣ አለች፤ መጥፎው ሽታ የወለሉ ሲፎን ደርቆ ነበር፣ በሳምንት አንድ ጊዜ አንድ ጆግ ውሃ ማፍሰስ ብቻ በቃው። ማስቲሹም እስኪለቅ ቤቱ አሥር ቀን ተከፍቶ ከረመ። እጣን ከልክላናለች፣ አስም ያለባቸው አሉና። በሩ አጠገብ በእጅ ከፍታ የጥብስ ቅጠል ተክላለች፤ ሰው ሲገባ ዳሰስ አድርጎ እጁን ያሸታል። ቡና የሚፈላው ሁልጊዜ 4 ሰዓት ላይ ነው፤ ትዝታቸው የተንሸዋረረባቸው እንኳ ሰዓቱን በቡናው ሽታ ያውቁታል።

እንከን አላጣሁባትም። ቀርፋፋ ናት፤ ዋንዛው አልደረቀም ብላ ሦስት ሳምንት አስጠብቃናለች። ያኔ ተናደን ነበር። እርጥብ እንጨት ከተገጠመ በኋላ እንደሚጠማዘዝና መጋጠሚያው እንደሚከፈት ስለምናውቅ አፋችንን ዘጋን።

ደግሜ እላለሁ፣ ሥራ ካላችሁ ለእሷ ስጡ። ከእሷ ጋር የሚሠራውን አናጢም አብራችሁ ያዙት፣ እሱም ወርቅ ነው። ስልኳን እዚህ አልለጥፍም፤ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ፈቃዷን ጠይቄ እሰጣለሁ። ከመደወላችሁ በፊት የክፍሉን ርዝመት፣ ወርድና ከፍታ፣ መስኮቱ ወደ የት እንደሚያይ፣ ደግሞም በክፍሉ የሚውለው ሰው ተቀምጦ ይሁን ተኝቶ ጽፋችሁ ያዙ፤ መጀመሪያ የምትጠይቀው እሱን ነው። ጠዋት እስከ 5 ሰዓት ሳይት ላይ ስለሆነች አታነሳም። ወለል የምታስለጥፉ ከሆነ ደግሞ ሰኔ ሳይገባ ድረሱባት፤ በእርጥበት ማጣበቂያው አይዝምና ክረምቱን ሙሉ የወለል ሥራ አትቀበልም።