እቤቴ ግቢ ውስጥ ራዲያተር ለቀየረልኝ ልጅ ምስጋና፣ ለአዳማ ሰዎችም ጥቆማ

ሰላም የአዳማ ሰዎች። ይህን የምጽፈው የአንድ ወጣት መካኒክ ውለታ ስላለብኝ ነው። ሂሳቡን ከፍዬዋለሁ፤ ግን ነገሩ በከፈልኩት ብር ብቻ የሚያልቅ ሆኖ አልታየኝም። መኪና ቆሞባችሁ ማንን ልጥራ ብላችሁ የምትጨነቁም ስለማትጠፉ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጻፈው።

ነገሩ የጀመረው ከወንጂ ስንመለስ ነው። እህቴ እዚያ ስለምትኖር በየሁለት ሳምንቱ እናቴን ይዤ እሄዳለሁ። እናቴ 78 ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷን ስለሚያማት ባጃጅ ላይ መውጣትና መውረድ አትችልም። መኪናው ቆመ ማለት እሷም ቤት ቀረች ማለት ነው። የዚያን ቀን ሸንኮራው መሃል ሳለን፣ ሁልጊዜ መሃል ላይ የሚቆመው የሙቀት ጠቋሚ ሽቅብ መውጣት ጀመረ። መንገዱን አይቼ ዓይኔን ስመልስ ቀዩ ጋ ደርሷል። ዳር ይዤ ሞተሩን አጠፋሁ። ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ይተናል፣ ጣፈጥ ጣፈጥ የሚል ሽታ አለው። የራዲያተሩን ክዳን ልከፍት ስጠጋ አንድ ባለ ባጃጅ ቆመና "እናቴ፣ እንዳይነኩት! ፊትዎን ይልጥዎታል" ብሎ አስቆመኝ። እሱንም ስሙን ሳልጠይቀው ሄደ፤ ካነበበው እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ ሰዓት ያህል ዛፍ ሥር ተቀምጠን ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ ውሃ ሞልተን፣ እየቆምን እየሄድን ቤት ገባን።

በማግስቱ ከአንድ ጋራዥ ሰው አስመጣሁ። ኮፈኑን ከፍቶ ውሃው መጉደሉን አየና "ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል፣ ቴስታታ መውረድ አለበት" አለኝ፤ ቴስታታ የሞተሩ የላይኛው ክፍል ነው፣ ጓርኒሲዮን ደግሞ ከሥሩ ያለው ማሸጊያ። አልለካም፣ አልሞከረም። የጠራው ዋጋ ሌሊቱን እንቅልፍ ነሳኝ፤ መኪናውን ልሽጠው ብዬም አስቤ ነበር። ይህን ልጅ የጠቆመችኝ አብራኝ የምታስተምር ባልደረባዬ ናት።

ስልክ ላይ መጀመሪያ ያለኝ "እትዬ፣ ከአሁን ጀምሮ እንዳያስነሱት፤ ቀዝቃዛ ሆኖ ነው የማየው" የሚል ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ በሞተር ሳይክሉ መጣ። የዘይት መለኪያውን መዘዘ፣ የዘይት ክዳኑን ከፈተና ውስጡን አሳየኝ። ጓርኒሲዮኑ ተቃጥሎ ውሃና ዘይት ቢቀላቀሉ ኖሮ እንደ ወተት የነጣ ነገር ይታይ ነበር፤ የኔው ንጹሕ ነው። ራዲያተሩን ሞላና ክዳኑን ሳይገጥም ለጥቂት ደቂቃ ሞተሩን አስነሳ፤ ከታች አረፋ የሚገፋ ነገር የለም። ከዚያ በእጅ የሚነፋ፣ መለኪያ ያለው ፓምፕ አውጥቶ በክዳኑ ቦታ ገጠመና እስከ 0.9 ባር ግፊት ሞላው። "ይምጡና ይዩ" አለኝ። የመለኪያው ቀስት ቀስ እያለ ይወርዳል። የስልኩን መብራት ሲያበራበት፣ ከላይ ያለው ጥቁር ፕላስቲክና አሉሚኒየሙ የሚገናኙበት ጠርዝ ላይ ውሃ ጠብ ይላል። "ቴስታታዎ ጤነኛ ነው፤ ያረጀው ራዲያተሩ ነው" አለኝ። በዚያች ደቂቃ የተሰማኝን እፎይታ ልገልጸው አልችልም።

እኔ ፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። ግፊት ሲጨምር ውሃ የሚፈላበት ሙቀት ከፍ ይላል እያልኩ ስንት ዓመት አስተምሬያለሁ፤ በራሴ መኪና ላይ ሲሠራ ያየሁት ግን ያን ዕለት ነው። አዳማ ከባሕር ወለል ከ1600 ሜትር በላይ ስለሆነች ክፍት ድስት ላይ ያለ ውሃ 95 ዲግሪ ሳይሞላው ይፈላል። የኮሮላዬ ቴርሞስታት (ውሃው ሲሞቅ ወደ ራዲያተሩ የሚያሳልፈው በር) የሚከፈተው 82 ዲግሪ አካባቢ ነው። በመካከላቸው ያለው ርቀት ጠባብ ነው ማለት ነው። ክዳኑ 0.9 ባር አፍኖ ሲይዝ ግን ውሃው 110 ዲግሪ አልፎም አይፈላም። ራዲያተሩ ሲሰነጠቅ ወይም የክዳኑ ጎማ ሲደርቅ ያ ግፊት ይጠፋል። ክዳኑንም ለክቶ መድከሙን አሳየኝ። ስለዚህ ራዲያተር የምትቀይሩ ሰዎች አሮጌውን ክዳን መልሳችሁ አትግጠሙ።

ጎረቤታችን ቀዳዳውን እንዲደፍነው ራዲያተሩ ውስጥ እንቁላል ጨምሩበት ብሎን ነበር። ልጁ በትህትና ነው የመለሰለት፤ ቀዳዳውን የሚደፍነው ነገር ቀጫጭኖቹን ቱቦዎችም ይደፍናል አለው። የድሮው የመዳብ ራዲያተር በስታኞ ይበየድ ነበር፤ የፕላስቲክና የአሉሚኒየሙ ጠርዝ ግን ቢጣበቅም የሚታመን አይደለም።

ዕቃውን ራሴ እንድገዛ ነገረኝ፤ ከሱቅ ኮሚሽን አይቀበልም። የመኪናውን ዓመትና የሻንሲ ቁጥር ይዤ ሄድኩ። የመጀመሪያው ሱቅ ያወጣልኝን ፎቶ አንስቼ ስልክለት "ከታች ሁለት ትንንሽ የብረት ቱቦዎች አሉት?" ብሎ ጠየቀኝ። አልነበሩትም። የኔ መኪና አውቶማቲክ ስለሆነ የካምቢዮው (የማርሹ) ዘይት የሚቀዘቅዘው በራዲያተሩ ሆድ ውስጥ አልፎ ነው፤ የተሰጠኝ የማንዋል ነበር። እሱ ባይጠይቀኝ ገዝቼው እመጣ ነበር።

ሥራውን የጀመረው በሁለተኛው ቀን፣ ፀሐዩ ሳይበረታ ነው። በመጀመሪያ የባትሪውን ገመድ ነቀለ። ከታች ያለውን ማፍሰሻ ከፍቶ ውሃውን በጄሪካን ተቀበለው፤ እንደ ሻይ የቀላ ዝገት ነበር። "ኩላንት፣ ይህ የማቀዝቀዣ ፈሳሽ፣ ይጣፍጣል፤ ውሻና ድመት ይልሰውና ይሞታል፤ ሕፃን ካለም ያስፈራል" ብሎ ጄሪካኑን ከድኖ ከፍ ያለ ቦታ አስቀመጠው። ማኒኮቶዎቹን (የውሃውን የጎማ ቱቦዎች) ሲያወጣ አልጎተተም፤ ፋሸታውን (ማሰሪያውን) አላልቶ፣ ጎማውን ዙሪያውን እያዞረ አላቀቀው። የካምቢዮውን ቱቦዎች ነቅሎ አፋቸውን አቧራ እንዳይገባ በንጹሕ ነገር ወተፈ። አሮጌው ከወጣ በኋላ በራዲያተሩ እግር ሥር የነበሩትን ሁለት ጎማዎች ቆጥሮ አዲሱ ላይ አደረገ፤ አንዱ ከአሮጌው ጋር ተጣብቆ ሊቀር ነበር።

አንዷን ነገር አልረሳትም። የማካሮኒ ካርቶን ጠየቀኝና በራዲያተሩ ልክ በቢላ ቆርጦ ከፊቱ ደገፈው፤ ሲያስገባው የቬንትሌተሩ (የማራገቢያው) ጠርዝ እነዚያን እንደ ወረቀት የሳሱ የአሉሚኒየም ክንፎች እንዳይጨፈልቅ ነው። ከፊት ባለው የኤር ኮንዲሽን ማቀዝቀዣ ላይ የተጣመሙትንም በትንሽ ካቻቢቴ ጫፍ አንድ በአንድ አቃናቸው። ይህን አድርግልኝ ብዬ አልጠየቅሁትም፤ ባያደርገውም አላውቅም ነበር።

ኩላንቱን ከተጣራ ውሃ ጋር እኩል በእኩል በጥብጦ ቀስ እያለ ሞላው። ሞተሩን አስነስቶ፣ ክዳኑን ክፍት ትቶ፣ የመኪናውን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ከፈተው፤ በመስመሩ ውስጥ የታፈነ አየር እንዲወጣ ነው። ቡና አፍልቼ ገብተህ ጠጣ ብለው "ቬንትሌተሩ ሁለቴ ሳይነሳ ከዚህ አልሄድም" አለ። ቡናውን እዚያው አመጣሁለት፤ ዓይኑን ከጠቋሚው ሳይነቅል ጠጣው። አየሩ እየተንቦለቦለ ወጣ፣ ውሃው ሲጎድል ጨመረ፣ የላይኛው ማኒኮቶ ሞቀ፣ ቬንትሌተሩ ተነሳ፣ ቆመ፣ ደግሞ ተነሳ። ከዚያ ክዳኑን ገጠመ። የካምቢዮ ዘይቱንም ለክቶ የጎደለውን ሞላ። አምስት ሰዓት ላይ ጨርሶ እጁን ታጠበ።

አሮጌውን ራዲያተር ይዞት አልሄደም። ጠርዙን በፒንሳ ፈልቅቆ ውስጡን አሳየኝ፤ ከቱቦዎቹ ብዙዎቹ በነጭ ቅርፊት ተዘግተዋል። ማንቆርቆሪያችን ውስጥ የሚጋገረው ያው ነገር ነው። ለወራት በየጠዋቱ የጎደለውን በቧንቧ ውሃ ስሞላ ነበር። ውሃ መጉደሉ ራሱ በሽታ መሆኑን ያስረዳኝ ሰው አልነበረም፤ የእናንተም እየጎደለ ከሆነ ሳትሞሉ በፊት የት እንደሚሄድ አስፈልጉ። "አሮጌው የእርስዎ ነው፤ ለቁራሌውም ቢሸጡት አሉሚኒየም ነው" ብሎ ከአጥሩ ጋር አስደገፈልኝ።

ዋጋውን ከሥራው በፊት ነግሮኝ ነበር፤ ሲጨርስም ያችኑ ተቀበለ። የዕቃው ሲደመርበት እንኳ ለቴስታታው ከተጠየቅሁት ሩብ አይሞላም። ከሳምንት በኋላ ደውሎ "ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ የውሃውን ደረጃ አይተው ይንገሩኝ" አለኝ። አልጎደለም።

ባለፈው እሑድ እናቴን ይዤ አሰላ ወጣሁ። መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ከአዋሽ ሸለቆ ተነስቶ ከ2400 ሜትር በላይ ነው የሚያደርሳችሁ። ጠቋሚው ከመሃል ንቅንቅ አላለም። እናቴ ኢተያን ስናልፍ ጀምራ አሰላ እስክንገባ ስትመርቀው ነበር።

ስሙንና ስልኩን እዚህ አላወጣም፤ እሱም እንደዚያ ነው የሚፈልገው። አዳማ ውስጥ ሆናችሁ የምትፈልጉት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ቁጥሩን እልካለሁ። ስትደውሉለት የመኪናውን ዓመት፣ ካምቢዮው ማንዋል ይሁን አውቶማቲክ ቀድማችሁ ንገሩት። ሲመጣም ሞተሩ ቀዝቅዞ ይጠብቀው።