ጣቴን ሲሶው ላይ ላቆሙልኝ የማሲንቆ መምህር

ማሲንቆ ልማር ብዬ ስነሣ 41 ዓመቴ ነበር። ሙያዬ የሂሳብ ሥራ ነው፤ ከዚያ በፊት የሙዚቃ መሣሪያ በእጄ ይዤ አላውቅም። ስምንት ወር አለፈ፤ አሁን አንድ ትዝታ ከዳር እስከ ዳር፣ ሰው ሳላባርር፣ እጫወታለሁ። ይህን የምጽፈው ለዚህ ያበቁኝን መምህር ለማመስገን ነው፤ ጣቱን የት እንደሚያሳርፍ ግራ የገባው ጀማሪ ካለም ወደ እሳቸው ልጠቁመው። ስማቸው በአደባባይ እንዲነሣ ግን አልፈቀዱም። «እኔን የሚፈልግ ማታ መጥቶ ይስማኝ» ብለዋል።

በመጀመሪያ ብቻዬን ሞክሬ ነበር። የገዛሁት ማሲንቆ ለካ ግድግዳ ላይ ለመስቀል የተሠራ ኖሯል፤ መቃኛው እየተንሸራተተ ቅኝቱ ሁለት ደቂቃ አይቆይም። የጣት አቀማመጡን ደግሞ ከቫዮሊን ማስተማሪያ ቪዲዮ ወሰድኩት። ቫዮሊን ለሚጀምር ሰው ጣት የሚያርፍባቸው ቦታዎች ላይ ቀጫጭን ፕላስተር ይለጠፋል። እኔም በማሲንቆዬ አንገት ላይ አራት ነጭ ፕላስተር ለጠፍኩና ክሩን ወደ እንጨቱ አጥብቄ ስጫን ሰነበትኩ። ጣቶቼ ተላጡ። አንድ ቀን ጎረቤቴ መጥታ «ለበራችሁ ማጠፊያ ዘይት ልስጣችሁ?» አለችኝ። ከልቧ ነበር።

መምህሩ ማሲንቆዬን ሲያዩ ምንም አልተናገሩም። ፕላስተሮቹን አንድ በአንድ አነሱ፤ መቃኛውን ነቅለው ቁራጭ ጨርቅ ጠቀለሉበትና መለሱት፤ ደጋኑን ዕጣን አሹት። ከዚያ በክሩና በአንገቱ መካከል ወረቀት ሰክተው «ልጄ፣ ወረቀቱ ካልወደቀ ተሳስተሻል» አሉኝ። ማሲንቆ እንደ ቫዮሊን ከክሩ ሥር ጣት የሚደገፍበት ገበታ የለውም። ከፈረስ ጭራ የተሠራው ክር ከአንገቱ ርቆ አየር ላይ የተወጠረ ነው፤ ጣት ይነካዋል እንጂ እንጨት ላይ አያጣብቀውም። ሲጫኑት ይበልጥ ይወጠርና ድምፁ ከታሰበው በላይ ይወጣል። ለሁለት ሳምንት ሥራዬ ወረቀት መጣል ብቻ ሆነ።

ቀጥሎ የቦታው ነገር መጣ። እኔ ከሌባ ጣት እንጀምራለን ብዬ ስጠብቅ እሳቸው ከቀለበት ጣት ጀመሩ። ጣት ሳላሳርፍበት ባዶውን ክር እየገዘገዝኩ እንዳንጎራጉረው አደረጉኝ፤ ከዚያ ትዝታ የተባለው ቅኝት ካሉት አምስት ድምፆች አራተኛውን አዜሙልኝና «መጀመሪያ በአፍሽ ያዢው፤ ከዚያ በጣትሽ ፈልጊው» አሉኝ። ብዙ ዳክሬ ሳገኘው ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው «ሲሶው ነው። እዚያው ቁሚ» አሉ።

የቁጥር ሰው ነኝና ቤት ስገባ ማስመሪያ አወጣሁ። የእኔ ማሲንቆ ክር ከላይ እስከ ብርኩማው፣ ታች ክሩን ደግፎ እስከያዘው እንጨት፣ 48 ሳንቲሜትር ነው፤ ጣቴ ያረፈው ደግሞ 16 ላይ። ልክ ሲሶው! እኩሌታው ላይ፣ ማለትም 24 ላይ፣ ሲነካ ባዶው ክር የሚሰጠው ድምፅ ራሱ ቀጥኖ ይመለሳል። እሳቸው ማስመሪያ ይዘው አያውቁም፤ ከአባታቸው በጆሮ የወረሱት ነው።

ሲሶው ከተያዘ በኋላ ሌባ ጣት 5 ሳንቲሜትር አካባቢ፣ የመሃል ጣት ወደ 10 ተጠግቶ ቦታ ይይዛሉ። ከመሃል ጣት እስከ ቀለበት ጣት ያለው ክፍተት ግን ለእኔ እጅ ሰፊ ነው፤ ስዘረጋው ክንዴ ድረስ ያመኝ ነበር። «አትዘርጊ፤ አውራ ጣትሽም አብሮ ይውረድ» አሉኝ። ይህችን አንዲት ምክር በየትኛውም ቪዲዮ አላገኘኋትም።

ፕላስተሮቹን ለምን እንዳነሱ የገባኝ በአራተኛው ወር ነው። ከሙሉ ትዝታ ወደ ግማሽ ትዝታ፣ ማለትም ከአንዱ የትዝታ ቅኝት ወደ ሌላው፣ ስንሻገር የመሃል ጣቴ አንድ ሳንቲሜትር ተኩል ያህል ወደ ላይ አፈገፈገ፤ ትንሿ ጣቴም ተከተለችው። ናፍቆት የነበረው ለቅሶ ሆነ። የለጠፍኩት ምልክት ቢኖር ኖሮ ጣቴን ያሰረው ነበር። ወደ ሌሎቹ ቅኝቶች፣ ወደ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ለኔ ሲኬድማ ቦታው እንደገና ይቀያየራል። እኔ ገና ባቲ ላይ ነኝ፤ ስለ ሌሎቹ ልናገር አይገባኝም።

ለመሄድ ላሰበ ሰው አንዳንድ ነገር ልንገር። ኖታ አያስተምሩም፤ ኖታ የሚፈልግ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትን ይጠይቅ። ማታ አዝማሪ ቤት ስለሚሠሩ ከረፋዱ በፊት ስልክ አያነሱም። ቀጠሮ አንዳንዴ ይረሳሉ፤ ሁለት ጊዜ ደጃቸው ላይ ቆሜ ተመልሻለሁ። በሦስተኛው ግን ሒሳቡን አልቀበልም ብለው ሁለት ሰዓት ሙሉ አስተማሩኝ። ትዕግሥታቸው ግን አያልቅም። አንድ ድምፅ አርባ ጊዜ ብሳሳት አርባ ጊዜ ያዜሙልኛል፤ እጄን ይዘው ቦታው ላይ አስቀምጠውልኝ አያውቁም።

ጋሼ፣ ይህን የሚያነብልዎ ልጅዎ ነው፤ እግዜር ይስጥልኝ። አሁን ጎረቤቴ የምታንኳኳው ዘይት ይዛ ሳይሆን ቡና ይዛ ነው።

የሚፈልጋቸው ሰው በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፤ አስፈቅጄ ስልካቸውን እሰጣለሁ። ከመሄዳችሁ በፊት የግራ እጃችሁን ጥፍር ቁረጡ፤ መጀመሪያ የሚያዩት እሱን ነው።