የቪዛው ኢንሹራንስ ወይስ ሙሉው? ለመርከብ ተጓዦች

ለገሃር አካባቢ ካለ የጉዞ ወኪል ጋ ከባርሴሎና ለሚነሳ የመዝናኛ መርከብ ትኬት ስትቆርጡ፣ ኢንሹራንሱ ላይ ረጋ በሉ።

የቪዛው፣ ማለትም ቪዛ ለማግኘት ብቻ የሚገዛው፣ ርካሽ ነው፤ ለማውጣትም ጊዜ አይፈጅም። ሸንገን፣ ማለትም የብዙ አውሮፓ አገሮች የጋራ ቪዛ፣ የሚጠይቀው ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚደርስ የድንገተኛ ሕክምና ሽፋን ነው። የመርከብ መዘግየት የዚህ ግዴታ አካል አይደለም።

ሙሉው የጉዞ ኢንሹራንስ ይወደዳል፤ መዘግየትንም ሊሸፍን ይችላል። ከስንት ሰዓት በኋላ ግን? ብዙ ውሎች ላይ 6 ወይም 12 ሰዓት ማለፍ አለበት። አንዳንዱ አስቀድሞ የተወሰነ ገንዘብ ይከፍላል፣ ሌላው የሆቴልና የምግብ ደረሰኝ ይጠይቃል። የመዘግየቱ ምክንያትም ይታያል፤ ማዕበልና የሞተር ብልሽት ብዙ ጊዜ ይካተታሉ። ኢንሹራንሱን ከመግዛታችሁ በፊት የታወጀ የሥራ ማቆም አድማ ግን አብዛኛውን ጊዜ ካሳ አያስገኝም። የመዘግየቱን ሰዓትና ምክንያት የሚገልጽ ደብዳቤ እዚያው ወደቡ ላይ ተቀበሉ። አዲስ አበባ ከገቡ በኋላ እሱን ማሳደድ በጣም ያደክማል።

አውሮፕላናችሁ ዘግይቶ መርከቡ ቢያመልጣችሁ ደግሞ ሌላ አንቀጽ ነው። እሱንም አንብቡ።

ሁለት ቀን ቀድማችሁ የምትደርሱና የመርከቡ ክፍያ የሚመለስ ከሆነ፣ የቪዛው ሊበቃችሁ ይችላል። ከቦሌ ተነስታችሁ በዚያው ቀን የምትሳፈሩ ከሆነ ሙሉውን ያዙ። እናትና አባታችሁን ብቻቸውን የምትልኩ ከሆነማ፣ እኔ አላመነታም፤ ሙሉውን ነው የምገዛላቸው።